የሌላው ውድቀት ለእኔ ምን ይላል?

(የመክፈቻ ዜማ)

  

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ወደቁ መንግሥታት ነው። በዘመናቸው ጎረቤት የሚፈራቸው፣ ነጋዴ የሚጎርፍባቸው፣ ንጉሦቻቸው «እኛን ማን ይነካናል?» ያሉባቸው ከተሞች ነበሩ። ዛሬ ከአንዳንዶቹ የቀረው ፍርስራሽ ብቻ ነው። ለምን ወደቁ? እኛ ክርስቲያኖችስ ከውድቀታቸው ምን እንማራለን? በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። የሰው ውድቀት ሲወራ ምላሳችን ወደ ፍርድ ይሮጣል። «ይህን ስላደረጉ ነው ይህ የደረሰባቸው» ማለት ይቀናናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንዲህ ያለ ወሬ ይዘው ወደ ጌታችን የመጡ ሰዎች ነበሩ። ጲላጦስ የገሊላ ሰዎችን መሥዋዕት ሲያቀርቡ እንደ ገደላቸው ነገሩት። ጌታም በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ጨምሮ አነሣና ጠየቃቸው፤ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሁሉ የከፉ ኃጢአተኞች የነበሩ ይመስላችኋልን? አይደለም፤ እናንተም ንስሐ ካልገባችሁ ትጠፋላችሁ አላቸው።

እንግዲህ የዛሬው መመሪያችን ይህ ነው። የሌላው ውድቀት የሚነገረን በወደቀው ላይ እንድንፈርድ ሳይሆን ራሳችንን እንድንመረምር ነው። ይህን ይዘን ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንሂድ።

(አጭር መሸጋገሪያ ዜማ)

የመጀመሪያው ታሪካችን የሰማርያ ነው። ሰሎሞን ከሞተ በኋላ የእስራኤል መንግሥት ለሁለት ተከፈለ። በደቡብ ይሁዳ ኢየሩሳሌምን ዋና ከተማው አድርጎ ቀረ። በሰሜን ደግሞ ዐሥሩ ነገድ የራሳቸውን መንግሥት መሠረቱ። በኋላ ንጉሥ ዘንበሪ ሳምር ከሚባል ሰው ላይ አንድ ተራራ በሁለት መክሊት ብር ገዝቶ ከተማ ቆረቆረበት፤ ስሟንም ሰማርያ አላት። ዙሪያዋ ቁልቁለት ስለሆነ ለጠላት የማትመች፣ ለመከላከል የተመቸች ከተማ ነበረች።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት ላይ በዚያች ከተማ ሁለተኛው ኢዮርብዓም 41 ዓመት ነገሠ። ዘመኑ የጥጋብ ዘመን ነበር። በሰሜን የነበረችው ደማስቆ በጦርነት ተዳክማለች። ደማስቆን የቀጠቀጠችው አሦርም በውስጥ ችግሯ ተጠምዳ ወደ ምዕራብ መዝመቱን ትታለች። በዚህ መሐል እስራኤል ተነፈሰች። ንጉሡ የተወሰደውን ድንበር ከሐማት መግቢያ ጀምሮ እስከ ዓረባ ባሕር ድረስ አስመለሰ፤ ንግዱም ደራ።

ጥጋቡን መሬት ራሷ መስክራለች። በ1910 በሰማርያ በተካሄደ ቁፋሮ ጽሕፈት ያለባቸው የሸክላ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። ከየመንደሩ ወደ ከተማዋ የገባውን ያረጀ የወይን ጠጅና የተጣራ ዘይት የሚመዘግቡ ናቸው። ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ በተደረገው ቁፋሮ ደግሞ ለዕቃ ማስጌጫ የዋሉ፣ የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ቁርጥራጮች በብዛት ወጡ።

በዚያ ዘመን ከይሁዳ፣ ቴቁሔ ከምትባል መንደር አንድ እረኛ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ወጣ። አሞጽ ይባላል። የነቢያት ማኅበር አባል አልነበረም፤ በግ የሚጠብቅ፣ የሾላ ዛፍ የሚንከባከብ ሰው ነበር። ያየውን ሲናገር ግን ቃሉ ቁፋሮው ያወጣቸውን ነገሮች ሁሉ ይነካል። በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ የወይን ጠጁን በትልልቅ ዕቃ እየጠጡ፣ ምርጥ ዘይት እየተቀቡ ስለ ወገናቸው ስብራት የማያዝኑትን ወቀሰ።

አድማጮቻችን፣ አሞጽን ያስቆጣው ሀብቱ ብቻ አልነበረም፤ ሀብቱ የተሰበሰበበት መንገድ ነበር። በከተማው በር በሚቀመጠው የፍርድ አደባባይ ዳኞች ጉቦ ይበላሉ። ድሃው በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ይሸጣል። ነጋዴው ሰንበትን የሚያከብረው ሱቁን ዘግቶ ነው፤ ልቡ ግን ሰንበት መቼ አልፎ እህል እሸጣለሁ እያለ ይቆጥራል። ሲሸጥም መስፈሪያውን ያሳንሳል፤ ገንዘብ የሚመዝንበትን ድንጋይ ያከብዳል፤ ስንዴውን ከግርዱ ጋር ቀላቅሎ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አምልኮው አልተቋረጠም። መሥዋዕቱ ይቀርባል፤ በዓሉ ይከበራል፤ መዝሙሩ ይዘመራል። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ አፍ ያንን በዓል እንደ ተጸየፈ፣ የዝማሬውን ድምፅ እንደማይሰማ ተናገረ። የፈለገው ፍርድ እንደ ውኃ፣ ጽድቅም እንደማይደርቅ ወንዝ እንዲፈስ ነበር።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። ሰው ብዙ ተወስዶበትም ፍርዱ እውነተኛ ከሆነ ይችላል። ጥቂት ነገር ያለ ፍርድ ሲነጠቅ ግን ልቡ ከአገሩ ጋር ይቆራረጣል። የሰማርያ ቅጥር በጠላት ከመፍረሱ በፊት ድሃው በአገሩ ላይ የነበረው እምነት ፈርሶ ነበር።

ለአሞጽ የተሰጠውን መልስ ደግሞ ልብ በሉ። በቤቴል የነበረው ካህን አሜስያስ «ቃሉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ አልመረመረም። ነቢዩን ወደ ንጉሡ ከሰሰው። ከዚያም ወደ አገርህ ወደ ይሁዳ ሽሽ፣ እዚያ እንጀራህን ብላ፣ ቤቴል የንጉሥ መቅደስ ነውና ዳግመኛ እዚህ ትንቢት አትናገር አለው። የእግዚአብሔርን ቤት የንጉሥ ቤት ብሎ ጠራው። ነገሩ ሥር ነበረው። በቤቴልና በዳን የወርቅ ጥጃ ያቆመው የመጀመሪያው ኢዮርብዓም ሕዝቡ ለአምልኮ ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ዙፋኔን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። ሃይማኖት ለዙፋን መጠበቂያ ሲውል ካህኑ ንጉሡን መገሠጽ አይችልም። የሚገሥጽ ሌላ ሰው ሲመጣም የሚያባርረው እሱ ራሱ ይሆናል።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሰማርያ የተወሰደችው ከጥጋቧ ላይ ነው። ኢዮርብዓም ከሞተ በኋላ ልጁ ዘካርያስ ስድስት ወር ነግሦ በሰሎም ተገደለ። ሰሎም አንድ ወር ነግሦ በምናሔም ተገደለ። ምናሔም የአሦርን ንጉሥ ፎሐን ለማባበል 1000 መክሊት ብር ገበረ፤ ብሩንም ከባለጠጎቹ ከእያንዳንዳቸው 50 ሰቅል አስከፍሎ ሰበሰበ። የምናሔም ልጅ ፋቂስያስ በፋቁሔ ተገደለ፤ ፋቁሔም በሆሴዕ ተገደለ። ከእነዚህ የመጨረሻ ስድስት ነገሥታት አራቱ በገዛ ወገናቸው ሰይፍ ወደቁ። ሆሴዕ ለአሦር መገበሩን ትቶ ወደ ግብፅ ሲያማትር የአሦር ንጉሥ ስልምናሶር መጣበት። ከተማዋ ሦስት ዓመት ተከብባ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ወደቀች። የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ከሰማርያ 27,290 ሰዎች ማርኮ እንደ ወሰደ በጽሑፉ አስቀርጿል።

መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 17 የውድቀቱን ምክንያት ሲዘረዝር ስለ አሦር የጦር ብልሃት አይናገርም። ሕዝቡ አምላካቸውን ትተው ጣዖት እንዳመለኩ፣ የነቢያትንም ማስጠንቀቂያ እንዳልሰሙ ይናገራል። ጣዖትና ግፍ አብረው ይሄዳሉ። አምላኩን የለወጠ ሕዝብ ሚዛኑንም ይለውጣል።

(አጭር መሸጋገሪያ ዜማ)

አሁን ወደ ሰማርያ ጠላት፣ ወደ አሦር ከተማ ወደ ነነዌ እንለፍ። ነነዌን በአገራችን የማያውቃት የለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ የነነዌን ጾም ሦስት ቀን ይጾማሉ። ታሪኩን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ዮናስ ሰበከ፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፤ ሕዝቡ ከታናሽ እስከ ታላቅ ጾመ፤ እንስሳቱ እንኳ እንዳይሰማሩ ታዘዘ፤ እግዚአብሔርም ማራቸው።

የነነዌ ታሪክ ግን በትንቢተ ዮናስ አያልቅም። በትንቢተ ናሆም ይቀጥላል። በናሆም ዘመን ነነዌ ደም የሞላባት፣ ሐሰትና ቅሚያ የበዛባት ከተማ ተብላ ተወቀሰች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ተባብረው አጠፏት። ሰማርያ ከወደቀች 110 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401፣ ግሪካዊው ጸሐፊ ዜኖፎን ከወታደሮች ጋር በዚያ ሲያልፍ ሰው የሌለበት ታላቅ ቅጥር አየ። ጥንት የሜዶናውያን ከተማ እንደነበረ ጻፈ እንጂ የነነዌን ስም አላነሣም። ዓለምን ያንቀጠቀጠች ከተማ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ በገዛ ፍርስራሿ ላይ እንኳ ስሟ ጠፋ።

ከዚህ የምንማረው ብርቱ ትምህርት አለ። ንስሐ አይወረስም። የአባቶች ጾም ያተረፈው ያንን ትውልድ ነው። ልጆቹ ወደ ግፍ ሲመለሱ የአባቶቻቸው ማቅ አላዳናቸውም። እኛም «አባቶቻችን ያመኑ፣ ቀድመው ወንጌልን የተቀበሉ፣ በጸሎት የኖሩ ናቸው» ብለን የምንመካበት ጊዜ አለ። መመካቱ ባይከፋም፣ እግዚአብሔር የሚጠይቀን የእኛን ዘመን ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ዜማ)

ሦስተኛው ታሪካችን ቅርብ ነው። የጎረቤታችን የኑቢያ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ሱዳንና ደቡብ ግብፅ በምንለው በዓባይ ዳር የነበሩ ክርስቲያን መንግሥታት። ኖባድያ፣ ማኩርያና አሎድያ ይባሉ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ተቀበሉ፤ የማኩርያ ዋና ከተማም ዶንጎላ ነበረች። በ652 የግብፅ ሠራዊት ዶንጎላን ሲከብብ ቀስተኞቿ መከቱት። ሁለቱ ወገኖች «ባቅጥ» የተባለ ውል ተዋዋሉ፤ ሰላሙም ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ቆየ።

ኑብያውያን በራሳቸው ቋንቋ ጻፉ፤ መጻሕፍት ተረጎሙ፤ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አነጹ። በ1960ዎቹ የአስዋን ግድብ ውኃ አካባቢውን ከመዋጡ በፊት በፋራስ የቆፈሩ የፖላንድ ተመራማሪዎች በአሸዋ ተሞልቶ የቆየ ካቴድራል አገኙ። በግድግዳው ላይ ከመቶ በላይ ሥዕሎች ነበሩ፤ ቅዱሳን፣ መላእክት፣ ጳጳሳት፣ ነገሥታት። ሥዕሎቹም ለካርቱምና ለዋርሶ ሙዚየሞች ተከፋፈሉ።

ታዲያ ምን ነካቸው? በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። የዚያ ረጅም ሰላም ውል አንዱ ክፍል፣ የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ኑብያውያን በየዓመቱ 360 ገደማ ባሪያዎች እንዲሰጡ ነበር። በምትኩ እህልና ልብስ ይላክላቸው ነበር። ክርስቲያን መንግሥት በየዓመቱ ሰው እየቆጠረ ሲሰጥ ኖረ። አሞጽ በሰማርያ የወቀሰው ኃጢአት በዓባይ ዳርም ነበረ። እኛም የአገራችንን የባሪያ ንግድ ታሪክ ስናስብ በዚህ ላይ አንገታችንን ልናቀና አንችልም።

ሁለተኛው የቤተ መንግሥት ጠብ ነው። በ1272 የማኩርያው ንጉሥ ዳዊት በቀይ ባሕር ዳር ያለውን የአይዛብን ወደብ ወረረ፤ ግብፅን ይገዙ የነበሩት ማምሉኮችም ተቆጡ። ያኔ ከንጉሡ ዘመዶች አንዱ፣ ሸካንዳ የተባለው፣ ወደ ካይሮ ሄዶ ዙፋኑ ለእኔ ይገባል ብሎ አቤት አለ። በ1276 የማምሉክ ጦር ይዞት መጣና አነገሠው፤ እሱም ለካይሮ ገባር ሊሆን ማለ። ከዚያ ወዲህ በዘመዱ የተከፋ ሁሉ ካይሮ የሚሮጥ ሆነ። አንዱ በውጭ ጦር ይነግሣል፤ ሌላው በውጭ ጦር ይሻራል። በ1317 የዶንጎላ ነገሥታት የዙፋን አዳራሽ መስጊድ እንደ ሆነ እዚያው የተገኘ ጽሑፍ ይመሰክራል። እርስ በርሱ የሚለያይ ቤት እንደማይቆም ጌታችን አስቀድሞ ተናግሯል።

ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያኒቱ መድከም ነው። ጳጳሳቷ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የሚሾሙ ነበሩ። በ1964 በቃስር ኢብሪም በተደረገ ቁፋሮ የአንድ ጳጳስ መቃብር ተገኝቶ ነበር። ስሙ ጢሞቴዎስ ነው፤ ከአስከሬኑ ጋር የሹመቱን ደብዳቤ የያዙ ሁለት ጥቅሎች ነበሩ፤ ዘመናቸውም 1372 ነው። መንግሥቱ ከደከመ በኋላ እንኳ መንጋውን ሊጠብቅ የመጣ እረኛ ነበር። ከእርሱ በኋላ የሚተካው እየጠፋ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ አገራችን ይገባል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስድስት ዓመት ቆይቷል። በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ሳለ ስድስት ሰዎች ከኑብያ መጥተው ቀሳውስትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው ሲለምኑ እንዳየ ጽፏል። የሚያስተምራቸው፣ የሚያጠምቃቸው አጥተው ነበር። ንጉሡ ግን የራሱ ጳጳስ ከእስክንድርያ እንደሚመጣለት፣ ለራሱ ከሌላ የሚቀበል ለሌላ መስጠት እንደማይችል ነግሮ መለሳቸው።

አድማጮቻችን፣ እነዚያ ስድስት መልእክተኞች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጥቂት ዓመታት አለፉ። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግል ሠራዊት ተሸነፈ። ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲሰደድ ኖሮ በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፈ። መልእክተኞቹን ባዶ እጃቸውን ስለመለሰ ተቀጣ ብለን አንፈርድም፤ በመጀመሪያ ያነሣነው የጌታ ቃል ይከለክለናል። ነገር ግን የጎረቤት መከራ በደጃችን ሲቆም ለእኛም መልእክት ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ መማር እንችላለን።

(አጭር መሸጋገሪያ ዜማ)

አንድ ጥያቄ ይቀራል። አገር ሲወድቅ እምነትስ ይወድቃል ወይ? ይህ ጥያቄ በ410 በሮም ተነሥቷል። በዚያ ዓመት የጎቶች መሪ አላሪክ ሮምን ሦስት ቀን ዘረፈ። የጥንት ጣዖታትን ያልተዉ ሰዎች «አማልክቶቻችንን ስለተውን፣ ክርስትና ስለገባ ነው ይህ የደረሰብን» አሉ። ክርስቲያኖችም ተናወጡ፤ ብዙዎቹ የሮምን መንግሥትና የእግዚአብሔርን መንግሥት አንድ አድርገው ያስቡ ነበርና።

በሰሜን አፍሪካ በሂጶ ከተማ የነበረው ጳጳስ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» የተባለውን መጽሐፉን በ413 ጀምሮ በ426 ጨረሰ። 22 ክፍሎች አሉት። ሮም ከክርስትና በፊትም ብዙ መከራ እንዳየች አስታወሰ፤ ፍትሕ የሌለበትን መንግሥት ከታላቅ የወንበዴዎች ቡድን የሚለየው ነገር ምን እንደ ሆነም ጠየቀ። የእግዚአብሔር ከተማ በማንኛውም ምድራዊ ቅጥር እንደማትታጠር አስተማረ። አውግስጢኖስ በ430 ሲያርፍ ቫንዳሎች ሂጶን ከብበው ነበር። ከተማው ከእጁ እየወጣ ሳለ እርሱ በአልጋው ላይ የንስሐ መዝሙራትን ያነብ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፖሲድዮስ መስክሯል።

ይህ ማለት ግን ክርስቲያን አገሩን አይውደድ ማለት አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ቤት ሠርታችሁ ኑሩ፣ ለምትኖሩባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ብሏቸዋል። ለማረከቻቸው ከተማ እንኳ እንዲጸልዩ የታዘዙ ከሆነ፣ እኛ ለተወለድንባት አገር፣ በስደት ያለውም ለተጠጋባት አገር እንዴት አብልጠን አንጸልይም?

ውድ አድማጮቻችን፣ ከተመለከትናቸው ታሪኮች አራት መመርመሪያዎችን ይዘን እንሂድ። በቤታችሁም፣ በማኅበራችሁም ተወያዩባቸው።

አንደኛ፣ ሚዛናችን እንዴት ነው? ነጋዴው በሱቁ፣ ዳኛው በችሎቱ፣ የቢሮ ሠራተኛው በጠረጴዛው፣ አሠሪው በቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ እውነተኛ ነው? በእሑድ መዝሙርና በሰኞ ሥራ መካከል ምን ያህል ርቀት አለ?

ሁለተኛ፣ የሚገሥጹንን ምን እናደርጋቸዋለን? የእኛ ወገን ሲያጠፋ አጥፍተሃል የሚል ሰው ሲነሣ እንደ ነነዌ ንጉሥ እንሰማዋለን ወይስ እንደ አሜስያስ ወደ አገርህ ሂድ እንለዋለን? ሰባኪዎችና ካህናትስ ለሥልጣንና ለገንዘብ ሳይንበረከኩ እውነትን ይናገራሉ?

ሦስተኛ፣ ጠባችንን እንዴት እንፈታለን? በቤተሰብ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በአገር ደረጃ ስንጣላ ወንድማችንን ለመጣል ማንን እንጠራለን? ዛሬ በወንድማችን ላይ የጠራነው ነገ በእኛም ላይ ይመጣል።

አራተኛ፣ ለልጆቻችን ምን እያስተላለፍን ነው? እምነታችንን በሚገባቸው ቋንቋ፣ ከሕይወት ጋር አያይዘን እያስተማርናቸው ነው? ነገ በእኛ ቦታ የሚቆሙ አስተማሪዎችን እያዘጋጀን ነው ወይስ ሌላ ሰው ይልክልናል ብለን እንጠብቃለን?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በቤተ መንግሥት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ነነዌን ያዳናት ንስሐ ከሕዝቡ ተነሥቶ ወደ ንጉሡ እንደ ደረሰ መጽሐፉ ይነግረናል፤ አስቀድሞ ያመኑት የነነዌ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወሬው ለንጉሡ የደረሰው። ስለዚህ ማንም ሰው «እኔ ትንሽ ነኝ፣ የአገር ነገር የባለሥልጣን ነው» ብሎ አይቀመጥ። ዛሬ ሚዛንህን አስተካክል። የቀማኸው ካለ መልስ። ከተጣላሽው ሰው ጋር ዛሬ ታረቂ። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ዛሬ ማታ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ አንብቡላቸው። እግዚአብሔር ከአሞጽ ዘመን ጀምሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ፍርድን አድርጉ፣ ምሕረትን ውደዱ፣ በትሕትናም ከአምላካችሁ ጋር ሂዱ።



(የመዝጊያ ዜማ)